በጭቃ የተለሰነው መስኮት

ውድ እናቴ፣

እንደምን ሰነበትሽልኝ? ደረትሽስ እንዴት ነው? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደኅና ነኝ። ተናድጃለሁ እንጂ ደኅና ነኝ። ይኼን በስልክ እንዳልነግርሽ ገና «መስኮ...» ከማለቴ ትዘጊብኛለሽ። ባለፈው እሑድ እዚያ ጎንደር ታናሼ አስናቀው ስልኩን ጆሮሽ ላይ ይዞልሽ እያለ እንኳ «ኔትወርኩ አይሰማም» ብለሽ ፊትሽን አዞርሽ። ኔትወርኩ እንደዚያ ቀን ጠርቶ አያውቅም፤ የጎረቤታችሁ ዶሮ ስትንጫጫ ሳይቀር ይሰማኝ ነበር። ስለዚህ ይኸው ደብዳቤ። ደብዳቤ አይዘጋም። ፊደሉን በመሠረተ ትምህርት ቆጥረሻል፣ መነጽሩን አስናቀው ገዝቶልሻል፤ ቀስ ብለሽ አንብቢው። ተናደሽ ብትወረውሪውም ተመልሰሽ እንደምታነሺው አውቃለሁ።

መልእክትሽ ደርሶኛል። አለነ ሚኒባሱን ደጃፌ ላይ አቁሞ፣ መንገደኛው ሁሉ እየሰማ፣ «እትዬ አበቡ ለፋሲካ እመጣለሁ ብለዋል፤ ግን መስኮቱ እንደዘጋሁት ይቆየኝ፣ ከተከፈተ አልመጣም ብለዋል» አለኝ። ከኋላ ወንበር ላይ የተቀመጡ የማላውቃቸው ሰውዬ ደግሞ «ልክ ናቸው፣ የንፋስ ነገር አይናቅም» ብለው ፈረዱልሽ። የሚኒባሱ መስኮት አንድ ሳይቀር ተዘግቷል። ሰው በሰው ላይ ታጭቆ፣ የትንፋሹ ላብ በመስታወቱ ላይ እየወረደ፣ አንዱ ያስላል ሌላው ያነጥሳል፣ ብቻ ንፋስ አይግባ! እኔ በዚህ አገር ሰውና በመስኮት ጉዳይ ተስፋ ቆርጫለሁ።

እስቲ አየሩን ልንገርሽ። መጋቢት ነው። ሰማዩ ሰማያዊነቱን ትቶ የሽሮ ዱቄት መስሏል። አስፋልት ይገባላችኋል ብለው መንገዱን ከቆፈሩት ወዲህ ገልባጭ መኪና ባለፈ ቁጥር አቧራው ተነስቶ እስኪወርድ ሌላው ይደርሳል። ለፋሲካ ደንበኞቼ ያዘዙኝን ነጭ ቀሚስ ሁሉ በረንዳ ላይ መስፋት ትቼ ቤት ገብቻለሁ። ያም ቢሆን ጠዋት ነጭ የነበረው ማታ ሽምብራ ይመስላል። አንዷ ደንበኛዬ ቀሚሷን ገልጣ አይታ «የትነበርሽ፣ እኔ ያመጣሁልሽ እኮ ነጭ ነበር» አለችኝ። ምን ልበላት? አገሩን እጠቢልኝ ልበላት?

ክረምቱ ይሻላል እንዳልል ክረምቱንም አውቀዋለሁ። ጉሙ ከሐምሌ ጀምሮ ደጃፍ ድረስ ይመጣና እንደ እንግዳ አልወጣም ይላል። እንጨቱ ይረጥባል፤ እርጥብ ባሕር ዛፍ ደግሞ አይነድም፣ ይጨሳል። ጉሙ ከላይ ሲጫነው ጭሱ መሄጃ አጥቶ እኛው ጓዳ ይቀመጣል። ኅዳርና ታኅሣሥ ሲመጣ ደግሞ ውርጩ ነው። ጠዋት የየቤቱ ጭስ ወደ ሰማይ መውጣት ያቅተውና ፀሐይ እስክትሞቅ ከጣሪያ ጣሪያ ተጋድሞ ይቆያል። ታዲያ በመኪና የሚያልፉት ከተሜዎች ገደሉ አፋፍ ላይ ወርደው፣ ደረታቸውን ነፍተው፣ «አቤት የደጋ አየር! ሸጋ አገር!» ይላሉ። ምነው እኛ ጓዳ ገብተው አንድ ጊዜ በተነፈሱት።

ያን ጊዜ ጎንደር ያየሽ ሐኪም ምን እንዳለሽ ረስተሽዋል? «እናቴ፣ ሲጋራ ያጨሳሉ?» ብሎ ጠየቀሽ። አንቺ ዓይንሽን አፍጥጠሽ፣ ነጠላሽን አስተካክለሽ፣ «እኔ ረቡዕ ዓርብ የማልስት ሴት ነኝ» ብለሽ ልትነሺ ስትይ እኔና አስናቀው በሁለት እጅ ያዝንሽ። ልጁ ስድብ አልነበረም የተናገረው። ሳንባሽ ዕድሜ ልኩን ሲጋራ ያጨሰ ሰው ሳንባ መስሎት ነው። ከምድጃው መሆኑን ስንነግረው ያዘዘው ሁለት ነገር ነበር፦ ጭስ እንዳትቀርቢ፣ የምትተኚበት ቤት አየር እንዲገባው። ሌላ ምንም አላለም። ፀበል አላለሽ፣ ውጭ አገር ሂጂ አላለሽ። መስኮት አለሽ።

እኔም አምና በግንቦት፣ ዝናቡ ሳይገባ፣ አናጢውን አያ ክንዱን መስኮት እንዲያወጣልን ለመንሁት። አያ ክንዱ ራሱ ቤቱን ከመብሳቱ በፊት ግድግዳውን እየዳበሰ «ልጄ፣ የቆመ ቤት ባይበሳ ምናለበት» እያለ አናጢነቱን የረሳ ይመስል ነበር። አንቺ ደግሞ እጁን አስታጥበሽ፣ ምሳ አቅርበሽ፣ ቀምሶ ሲጨርስ «ይኼን ግድግዳ ባሌ ነው ያቆመው» አልሽው። ሰውዬው ጉርሻው አነቀው። ያም ሆኖ ሠራልን። ሸጋ መስኮት፣ የጥድ መዝጊያ ያለው፣ ከአልጋሽ ትይዩ። አንድ ሳምንት ማዳበሪያ ከረጢት ሰቅለሽ ጋረድሽው። እኔ አወርዳለሁ፣ አንቺ ትሰቅያለሽ። እኔ አወርዳለሁ፣ አንቺ ትሰቅያለሽ። ያኔ ይኼ ትልቁ ጠባችን መስሎኝ ነበር።

ከዚያ በሰኔ የቀበሌው አዳራሽ ስብሰባ መጣ። የጤና ኤክስቴንሽኗ ልጅ ሴቶቹን ሰብስባ ስለ ቤት ውስጥ ጭስ አስተማረች። ጎበዝ ልጅ ናት፣ አልወቅሳትም። ብቻ መጨረሻ ላይ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ «ድሮ ንፋስ መታው እያላችሁ የቀበራችኋቸው ሕፃናት ንፋስ አይደለም የገደላቸው። በር ዘግታችሁ ያስታቀፋችኋቸው ጭስ ነው» አለች። አንቺ ከጎኔ ነበርሽ። በነጠላሽ አፍሽን ይዘሽ ተነሳሽና ወጣሽ። ሳሉ የተነሳብሽ መስሎኝ ውኃ ይዤ ተከተልሁሽ፤ ቤት ስደርስ ፊትሽን ወደ ግድግዳ አዙረሽ ተኝተሻል።

በማግስቱ ገበያ ውዬ ስመለስ መስኮቴ የለም። እናቴ ሆይ፣ እኔ እንዲህ ያለ ልስን በሕይወቴ አላየሁም! ጭቃውን ከጭድ ጋር አቡክተሽ፣ እበቱን ደርበሽ፣ ከውስጥ በኩል የጥድ መዝጊያውን ጭምር ቀብረሽ ለስነሽዋል። ሁለት እርምጃ ስትሄጂ የምታርፊ ሴት ያን ሁሉ ጭቃ በምን ጉልበት እንዳነሳሽው እግዜር ይወቀው። አጠገቡ ተቀምጠሽ እጅሽን ስትታጠቢ አገኘሁሽ። «እናቴ፣ ምነው?» አልሁሽ። «በረደኝ» አልሽ። ክረምቱን ሙሉ ስጠይቅሽ ከረምሁ፤ መልስሽ «በረደኝ» ነው።

ያላደረግሁት የለም። ጭስ ማውጫ ቱቦ ያለው ምድጃ አመጣሁልሽ፤ ዝናብ በቱቦው ይወርዳል ብለሽ አሮጌ ጨርቅ ወተፍሽበት። የንስሐ አባትሽን ለመንሁና መጥተው እንዲመክሩሽ አደረግሁ። እሳቸውም ገብተው ተቀመጡ፣ ስለ ጤና ከመጽሐፍ ጠቅሰው ጥሩ ጥሩ ነገር ተናገሩ፣ ከዚያ ካባቸውን ሰብሰብ አደረጉና «እስቲ ያቺን በር ገርበብ አድርጊያት ልጄ፣ ንፋስ አለው» አሉኝ። አንቺ አቀርቅረሽ ሳቅሽ። እኔ በሩን ዘግቼ ውጭ ሄጄ ቆምሁ።

አሁን ወደ ኅዳር ሚካኤል ልምጣ። ስለዚያ ቀን አውርተን አናውቅም፤ ዛሬ እናወራለን። ኅዳር ሲታጠን ከተማው እንደ ልማዱ ቆሻሻውን ጠርጎ በየደጁ ከመረ። ድሮ ቅጠልና ገለባ ነበር የሚነደው አሉ። ዘንድሮ ፌስታል፣ የላስቲክ ጫማ፣ የባጃጅ ጎማ ነው። ውርጩ ገና አልተነሳም ነበር፤ ጥቁሩ ጭስ ሁለት ክንድ ወጣ ይልና ተመልሶ ይተኛል። እኔ ሌሊቱን ሲያስልሽ አድሮ ጠዋት እንቅልፍ ሲወስድሽ ውኃ ልቀዳ ወጣሁ። ስመለስ አልጋው ባዶ ነው። አንቺ መጥረጊያ ይዘሽ፣ ደጃችን ላይ የራስሽን ክምር ሠርተሽ፣ ክብሪት ጭረሽበት፣ ጭሱ መካከል ቆመሻል። «ግቢ» ብዬ ብጮኽ «በሽታ በደጃችን አይለፍ፣ የሰው ሁሉ ሲታጠን የኔ ደጅ ባዶውን ይደር?» አልሽ። እናቴ፣ በሽታው በደጅሽ የሚያልፍ መንገደኛ መሰለሽ? ደረትሽ ውስጥ ቤት ሠርቶ የሚኖረውን በሽታ በገዛ ምግቡ ልታባርሪው? ለሰሚው ግራ ነው። ነገሩን ለማንም ስናገር ደግሞ የሚስቅ የለም፤ «ታዲያ ሳይታጠን ይቅር?» ይሉኛል።

ዓረፍተ ነገርሽን ሳትጨርሺ ነው የወደቅሽው። ከንፈርሽ እንደ ኑግ ጠቁሮ ነበር። አለነ ባይደርስ ኖሮ ይኼን ደብዳቤ የምጽፍለት ሰው አይኖረኝም ነበር። ሚኒባሱ ሞልቶ ስለነበር በሁለት ሰው መካከል ደግፈን አስቀመጥንሽ። አጠገብሽ ያለውን መስኮት ከፈትሁ። ገና ከከተማው ሳንወጣ አንዲት ሴትዮ «ለታመመ ሰው ንፋስ ትከፍቻለሽ? ምች ልታስመቺያት ነው እንዴ!» ብላ ከኋላ እጇን ዘርግታ ዘጋችው። ከፈትሁት። ሌላው ዘጋው። አንቺ ትንፋሽ አጥሮሽ እያጣጣርሽ እኛ በራስሽ ላይ እንታገላለን። በመጨረሻ አለነ መኪናውን ዳር አስይዞ አቆመና ዘወር ብሎ «መስኮት የማይፈልግ ይውረድ» አለ። ማንም አልወረደም፤ መስኮቱንም እስከ ጎንደር የነካው የለም። አለነን ለዚያች ቃል ሁልጊዜ እመርቀዋለሁ።

ሐኪሙ ያን ቀን እኔንና አስናቀውን ኮሪደር አውጥቶ የነገረንን እስከ ዛሬ ደብቀንሻል። አስናቀው እንዳልነግርሽ አስምሎኛል፤ እግዜር ይፍታኝ፣ እነግርሻለሁ። «ከእንግዲህ እንዲህ ያለ ቀን አንድ ጊዜ ከመጣባቸው አትመልሷቸውም» ነው ያለን። እና አንቺ ከዚያ ወዲህ ከተቀመጥሽበት ከአስናቀው ቤት ፋሲካ መጥተሽ፣ ክረምቱን በዚያ በለሰንሽው ቤት ልትከርሚ፣ እኔ ደግሞ «እሺ» ብዬ በር ልከፍትልሽ ነው። እኔ ልጅሽ ነኝ እንጂ ገዳይሽ አይደለሁም።

በጥምቀት ጎንደር የመጣሁ ጊዜ የሆነውን ደግሞ አንቺም አትረሺውም። ከቀሐ ጥምቀተ ባሕር ፀበሉን ተረጭቼ፣ ቀሚሴ ርሶ፣ ሕዝቡን እየተጋፋሁ፣ ባጃጅ አጥቼ ማራኪ ሰፈር ድረስ በእግሬ መጣሁ። የአስናቀውን ቤት በር ገፋ ሳደርግ አልጋ ላይ ተኝተሻል። መስኮቱ ወለል ብሎ ተከፍቷል። መጋረጃው ፊትሽ ላይ እየተርገበገበ ነው! ደግሞም አልሳልሽም። ፊትሽ ሞልቷል፣ ትንፋሽሽ እንደ ሕፃን ነው። ደስ ሊለኝ ሲገባ እንደዚያ ቀን ተናድጄ አላውቅም። ቀሰቀስሁሽ። «እናቴ፣ የጎንደር ንፋስ ዘመድሽ ነው?» አልሁሽ። ዓይንሽን ገልጠሽ መስኮቱን አየሽው፣ ከዚያ እኔን አየሽኝ።

«ይኼ የሰው ቤት ነው» አልሽኝ። «እዚህ ቤት የሞተብኝ የለም።»

ወዲያ ዞረሽ ተኛሽ። እኔ ያን ጊዜ ነገር ስታስቀይሪ መስሎኝ እርጥብ ቀሚሴን ላሰጣ ወጣሁ። አስናቀውንም «አንተ ብትለምናት ትሰማለች፣ እኔ ስለምናት ትለስናለች» ብዬ ያለ ጥፋቱ ተቆጣሁት። እስከ ከተማችን ድረስ ስበግን ተመለስሁ።

ነገርን ከሥሩ ውኃን ከጥሩ ይባላል። ሥሩን ያገኘሁት ግን ፈልጌ አይደለም፤ አማርሬ ነው። የአለነ መልእክት የመጣ ቀን ክር ልገዛ እትዬ ኩልሱም ሱቅ ገባሁ። እንደምታውቂያት ነች፤ ጨርቅ እየለካች አንድ ጆሮዋን ትሰጥሻለች። አንቺን አንስቼ አማሁሽ፤ አዎ፣ አማሁሽ። ልስኑን፣ የቱቦውን ጨርቅ፣ የንስሐ አባትሽን ነገር ስነግራት እንባዋ እስኪወርድ ሳቀች። «አበቡ! ድሮም እንዲያው ናት» ትላለች። ከዚያ የማራኪውን ነገርኋት። «እዚህ ቤት የሞተብኝ የለም» ማለትሽን ስነግራት ሳቋ ቆመ። የምትለካበትን ሜትር ጨርቁ ላይ አስቀመጠችው።

«ዋኘውን ነው» አለች።

እኔ ከኔ በፊት አንድ ወንድም እንደነበረኝ አውቃለሁ። ስሙን ግን ካንቺ አፍ ሰምቼው አላውቅም። አባቴ ነፍሱን ይማረውና አንድ ቀን «ትልቅሽ ቢኖር ኖሮ» ብሎ ጀምሮ አንቺ ስትገቢ አቋርጦታል። እትዬ ኩልሱም ወንበር ሰጠችኝ። ሱቋን ገርበብ አደረገች። የነገረችኝን እንዳለ እጽፍልሻለሁ፤ አንዳንዱን ታውቂዋለሽ፣ አንዱን ግን አታውቂውም፤ ስለዚህ ዘለሽ እንዳታልፊው።

ያን ዓመት ክረምት በየቤቱ ኩፍኝ ገብቶ ነበር አለችኝ። ልማዱ እንደ ዛሬው ነው፤ ኩፍኝ የወጣበት ልጅ ንፋስ አይነካውም፣ ብርሃን አያይም፣ በር ይዘጋበታል። ዋኘው ላይም ተዘጋ። ጓዳው ውስጥ፣ አሁን አልጋሽ ያለበት ማለት ነው፣ እርጥብ እንጨት እየጨሰ ልጁ ትንፋሽ ሲያጥረው አንቺ አላስችል አለሽ። ተነስተሽ በሩን ከፈትሽለት። እፎይ አለ። ሳቀልሽም አሉ። በማግስቱ አረፈ። አያቴ፣ አማትሽ፣ ለቅሶ የመጣው ሰው ሁሉ እየሰማ «በር ከፍታ ንፋስ አስገብታ ገደለችብኝ» አለች። ካንቺ ጎን የተናገረ አንድም ሰው አልነበረም። አባቴም ዝም አለ።

ይኼን ያህሉን ታውቂዋለሽ። ቀጥሎ ያለውን ነው የማታውቂው።

እትዬ ኩልሱም እጇን ጉልበቷ ላይ አድርጋ እንዲህ አለችኝ፦ «በዚያው ሳምንት የኔዋ ፈህሚያ ኩፍኝ ይዟት ነበር። እኔ ልማዱን አንዲት ሳላጎድል ፈጸምሁ። በሩን ዘጋሁ። ብርድ ልብስ ጋረድሁበት። ስንጥቁን ሁሉ በጨርቅ ወተፍሁ። ልጄ ‹እማ ክፈቺልኝ› አለችኝ፤ ወላሂ አልከፈትሁላትም። ሞተችብኝ። አበቡ ከፈተች፣ ሞተባት። እኔ ዘጋሁ፣ ሞተችብኝ። በር አይደለም የገደላቸው፣ ኩፍኝ ነው። አላህ ያመጣው ነው። አበቡ ግን ለልጇ አንዲት ቀን ትንፋሽ ሰጥታዋለች። እኔ ያችን እንኳ አልሰጠኋትም። እኔ ስንት ዘመን በአበቡ ስቀና እንደኖርሁ ታውቂያለሽ?»

«ታዲያ ለምን አልነገርሻትም?» አልኋት። ተናድጄ ነው የጠየቅኋት፤ በሷም ተናድጄ። «የምታውቅ መስሎኝ» አለች። «ሁለታችንም ለቅሶ ላይ ነበርን፤ ማን ማንን ይጠይቃል? እሷ የኔን ቀብር አልመጣች፣ እኔ የሷን አልሄድሁ። ከዚያ ወዲህ ስሙን ጠርቼ ላስለቅሳት አልፈለግሁም። እሷም የፈህሚያን አላነሳችብኝም። እንዲሁ ጨርቅና ጨው ስንባባል አረጀን።»

ክሬን ሳልገዛ ወጣሁ። አቧራው መካከል ቆሜ አለቀስሁ፤ ማንም አላወቀብኝም፣ በመጋቢት የሁሉም ሰው ዓይን ቀይ ነው።

እናቴ፣ አሁን ገባኝ። መጀመሪያ ከፍተሽ ገደልሽው አሉሽ። ዕድሜሽን ሙሉ ስትዘጊ ኖርሽ። ለኔ በሩን ዘጋሽ፣ ለአስናቀው ዘጋሽ፣ ሁለታችንም ስላደግን መዝጋትሽ ያዳነን መሰለሽ። ከዚያ ያቺ ልጅ አዳራሽ መካከል ቆማ፣ የለም፣ ዘግታችሁ ነው የገደላችኋቸው አለች። ታዲያ አንቺ ምን ታድርጊ? ከፍተሽም ገዳይ፣ ዘግተሽም ገዳይ! መስኮቱን በጭቃ ብትደፍኚው ይፈረድብሻል? እኔ ደግሞ ክረምቱን ሙሉ በየዕለቱ ያን መስኮት አንስቼ ስጨቀጭቅሽ ከረምሁ። ስሜን ለምን እንዲህ እንዳወጣሽልኝም አሁን ነው የገባኝ፤ እኔማ የትምህርት ቤት ልጆች ሲያሾፉብኝ አንቺን ስወቅስ ነበር ያደግሁት።

ገባኝ ማለቴ ግን ቁጣዬ በረደ ማለቴ አይደለም። እንዴት ሰው ይኼን ያህል ዘመን ይኼን ተሸክሞ «በረደኝ» ብቻ ይላል? በሽታውን የደበቀ መድኃኒት አይገኝለትም የምትይኝ አንቺው አይደለሽም እንዴ? እኔ ጉንፋን ይዞኝ ስደብቅሽ ትቆጪኝ አልነበር? በአያቴም ተናድጃለሁ፣ አፈሩን ገለባ ያድርግላትና፤ በአባቴም ዝምታ፣ በኩልሱምም ይሉኝታ። ከማንም ይልቅ ግን ያስቆጣሽኝ አንቺ ነሽ፤ ምክንያቱም አንቺን ነው የምፈልገው። በሕይወት ነው የምፈልግሽ፤ መታሰቢያሽን ሳይሆን ራስሽን።

ስለዚህ ቃሌን ስሚ። ፋሲካ ትመጪያለሽ። መስኮቱን እስከዚያ አላፈርሰውም። ትናንት መዶሻ ይዤ ፊቱ ቆሜ ነበር። ልስኑ ላይ የጣቶችሽ መስመር አለ፤ ወደ ታች ወደ ታች እየጠረግሽ ያስተካከልሽበት። እጄ አልሄድልሽ አለኝ። ኩልሱምም ተዪው ብላኛለች። «አበቡ ትምጣ፤ እኔ ከውጭ በኩል እቆማለሁ፣ እሷ ከውስጥ ትቁም፣ አብረን እንከፍተዋለን። ለፈህሚያም ነው የምከፍተው» አለችኝ። ጉልበቷን እያመማት ዳገቷን ወጥታ እኛ ቤት እመጣለሁ ካለች፣ አንቺ እምቢ ስትዪ ማየት እፈልጋለሁ።

ኅዳር ሲመጣ ደግሞ ደጃችንን አብረን እንጠርጋለን፤ ቆሻሻውን እንቀብረዋለን እንጂ አናነደውም። ጎረቤቱ «የነአበቡ ደጅ ሳይታጠን ቀረ» ቢል ይበል። እኔ መልስ አላጣም።

ስትመጪ ከአለነ ጎን ጋቢና ተቀመጪ፤ መስኮቱን ይከፍትልሻል፣ አስጠንቅቄዋለሁ። ከኋላ የሚጮኽ ካለ አንቺ ዝም በይ፣ መልሱን እሱ ያውቅበታል። ቤት ስትገቢ ከበረደሽ ጋቢ ደርቢ። ሁለት ደርቢ፣ የኔንም እጨምርልሻለሁ። አንድ ነገር ብቻ ልድገምልሽ፣ ይኼን ወረቀት ከመነጽርሽ ጋር አጣጥፈሽ ከማስቀመጥሽ በፊት፦ በሩን ከፍተሽለት ስቆልሻል። የሳቀልሽን ልጅ አልገደልሽም።

ጓዳችን ውስጥ እያስነጠስሁ የምጠብቅሽ ልጅሽ፣
የትነበርሽ፣ የዋኘው ታናሽ